ከ15 በመቶ ወደ 89 በመቶ፦ የአዮዲን ጨው ወደ ጓዳችን የገባው በምክር ነው ወይስ በደንብ?

የደጋው ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ስለ ጤና ኤክስቴንሽን በተከፈተው ውይይት ላይ “ሕዝቡ ካልተማረ ምንም አይለወጥም” የሚል አስተያየት ሲደጋገም አይቼ ነው ይህን የከፈትኩት። ትምህርት ይቅር ማለቴ አይደለም። ግን የሰው ሐሳብ ሳይለወጥ ጤናው የተለወጠበት፣ መጀመሪያ ወደ መጥፎ በኋላም ወደ ደግ፣ አንድ ነገር በየጓዳችን አለ። ጨው።

ለማያውቅ ታሪኩን ላሳጥረው። የደጋው አፈር አዮዲን የለውም ማለት ይቻላል፤ ዝናብና ጎርፍ ለዘመናት አጥቦ ወስዶታል። አፈሩ ከሌለው ጤፉም ጎመኑም ከየት ያመጡታል? የባሕር ዓሣ አንበላም፣ የሐይቅ ዓሣችን ደግሞ አዮዲኑ ትንሽ ነው። ስለዚህ እንቅርት የደጋ ሰው ዕጣ ተደርጎ ኖረ፤ “በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ” ብለን የምንተርተው እንዲሁ አይደለም። አንገት ላይ የሚታየው ደግሞ ከጉዳቱ ትንሹ ነው። እርጉዝ ሴት አዮዲን ካነሳት የጽንሱ አንጎል ይጎዳል፣ ያ ከተወለደ በኋላ በሕክምና የሚመለስ አይደለም።

እስከ 1990 ድረስ አብዛኛው የምንበላው ጨው ከአሰብና ከምጽዋ ነበር የሚመጣው፣ አዮዲንም ይገባበት ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተጀመረ፣ ድንበሩ ተዘጋ፣ ገበያው ፊቱን ወደ አፋር አዞረ። አፍዴራ ላይ ጨው ሞልቷል፤ አዮዲን የሚቀላቅልበት ግን አልነበረም። እናቶቻችን አንድም ልማድ አልቀየሩም፤ ከዚያው ገበያ፣ ከዚያችው ሴትዮ ነው የገዙት። አዮዲኑ ግን ከወጡ ወጣ። በ2003 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ብቻ ነበር።

እዚያው 2003 ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ወጣ፦ አዮዲን የሌለው ጨው ለሰው ምግብ እንዳይቀርብ። በ2008 በተደረገው ተከታዩ ጥናት ቁጥሩ 89 በመቶ ሆነ። በ5 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል እናት ስለ አዮዲን ተምራ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ኤክስቴንሽን ነኝ
ወንድሜ መጣሁልህ።

እኔ ምዕራብ ጎጃም ጤና ኬላ ነው የምሠራው። ቁጥሩን አልክድም፣ ግን ደንቡ ጨውን እስከ ደጃፍ አመጣው እንጂ እስከ ድስት አላደረሰውም። ቤት ለቤት ስሄድ የማየውን ልንገርህ። ድፍን ጨው አሸዋ አለበት፣ አፈር አለበት። ስለዚህ ንጽሕና የምትወድ እናት ጨዉን ታጥበዋለች። ሰፌድ ላይ ውሃ ታርከፈክፍበታለች ወይም በጥብጣ ዝቃጩን ትጥላለች፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። አዮዲኑ ደግሞ ያለው የጨዉ ላይኛው ገጽ ላይ ነው፤ አብሮ ይሄዳል። የቀረውን ፀሐይና እርጥበት ይጨርሱታል። ከዚያ ደግሞ ወጡ ገና ሲቁላላ ነው የሚጨመረው።

እኛ ነን “አትጠቡት፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት” እያልን የምንዞረው። ይህን የሚል ደንብ የለም። ካላመንክ አብረኸኝ ዙርና እይ፣ እግርህ ከቻለ።

የደጋው ልጅ
ሲስተር፣ እግሬ እንኳን አይችልም :) ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። በ2002 ላይ ብትዞሪና ይህንኑ ምክር ብትሰጪ፣ ያቺ እናት ከየትኛው ገበያ ነበር አዮዲን ያለው ጨው የምትገዛው? ምክሩ ትርጉም ያገኘው ጨዉ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። እኔ የምለው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። ደግሞም እናቲቱ የምታጥበው አላዋቂ ሆና ሳይሆን ጨዉ ስለቆሸሸ ነው። ከማምረቻው ታጥቦና ተፈጭቶ፣ በከረጢት ታሽጎ ቢመጣላት ማን ያጥበዋል?

ኤክስቴንሽን ነኝ
እሱስ ልክ ነህ። ታሽጎ የሚመጣው ግን ገጠር አይገባም። ቢገባም ዋጋው አይቀመስም። እስከዚያ ድረስ እኔና ሰፌዷ እንደተፋጠጥን ነን።

የሎጊያው ሹፌር
እዚህ ቤት ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን የእኔ ርዕስ ሆነ። አፍዴራን ሳመላልስ ዓመታት ሆነኝ።

አፍዴራ ከባሕር ወለል በታች ነው፣ ሙቀቱን አትጠይቁኝ። ከሐይቁ ጨዋማውን ውሃ በፓምፕ ስበው ወደተቆፈሩት ገንዳዎች ይለቁታል፤ ፀሐዩ ውሃውን ሲያተነው ጨዉ ይቀራል። በአካፋ ዝቀው ይከምሩታል። ክምሩ እንደ ቤት ነው የሚያህለው፤ ከሩቅ ስታየው ነጭ ሰፈር ይመስላል። አሁን አዮዲኑ እንዴት እንደሚገባ ስሙኝ። እኔ በዓይኔ ያየሁት፣ ገበሬ የተባይ መድኃኒት የሚረጭበትን በጀርባ የሚታዘል መርጫ አውቃችሁታል አይደል? በእሱ ነው። ፈሳሹን ሞልተው ጨዉ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይረጩታል። የሚረጨው ልጅ ከደከመው፣ ወይም ነፋስ ካለ፣ አንዱ ማዳበሪያ ጠጥቶ ሌላው ሳይነካው ይሄዳል። ሆን ብሎ የሚያጭበረብር የለም ባልልም፣ አብዛኛው ጥፋት የአሠራሩ ነው። በማሽን የሚቀላቅሉም አሉ፤ የእነሱ ጨው ሌላ ነው፣ በዓይን ይለያል፣ ደቃቅና ደረቅ ነው።

ሌላው ደግሞ ጉዞው። አንዳንዴ ጨዉ ተጭኖ ገዢ ጠፍቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ መጋዘን ሳይሆን ሜዳ ላይ በሸራ ተሸፍኖ የሚከርምበት ጊዜ አለ። ክረምት ላይ ደጋ ሲገባ ማዳበሪያው ውሃ ያንጠባጥባል። ያ የሚንጠባጠበው ውሃ ምን ይዞ እንደሚሄድ ከላይ ሲስተሯ ተናግራለች።

ሱቅ በደረቴ
ሹፌሩ እውነቱን ነው። እኔ የምቸረችርበት ከተማ ይቅርና፣ 50 ኪሎው ማዳበሪያ ይመጣልኛል፣ ላዩ ላይ “አዮዲን ያለው” ተብሎ ተጽፏል። ያለው ይሁን የሌለው እኔ በምን አውቃለሁ? ቀምሼ አላውቀው፣ አሽትቼ አላውቀው። አንድ ቀን ግን ተቆጣጣሪዎች መጥተው ጠብታ ጠብ አድርገውበት ቀለም አልቀየር ሲል ማዳበሪያዬን ጭነው ሄዱ፣ ቅጣትም ጻፉልኝ። የገዛሁበትን ደረሰኝ አሳየሁ። “አከፋፋዩ የሌላ ወረዳ ነው፣ አይመለከተንም” አሉኝ። አከፋፋዩ እስከ ዛሬ ያንኑ ጨው ይሸጣል፣ እኔም ሌላ ስለሌለ ከእሱው እገዛለሁ።

ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ? እኔ ነኝ ድንጋይ ተብዬ የተወረወርኩት።

ላብራቶሪ ቤት
ሱቅ በደረቴ፣ ያንተ ታሪክ የዚህ ሁሉ ውይይት ቁልፍ ይመስለኛል፤ ግን መጀመሪያ ቁጥሩ ላይ አንድ ነገር ልበል።

89 በመቶ የተባለው “አዮዲን ተገኝቶበታል” ማለት ነው፣ “በቂ ነው” ማለት አይደለም። ለቤት ለቤት ጥናት የሚያዘው ያ ጠብታ ጨዉ ላይ ሲያርፍ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ አዮዲን አለ ማለት ነው፣ አለቀ። መጠኑን በትክክል ለማወቅ ናሙናው ላብራቶሪ መግባት አለበት። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ጨዉ ቤት ሲደርስ ቢያንስ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም አዮዲን ሊኖረው ይገባል። ሹፌሩ በነገረን አረጫጨት ከአንዱ ክምር የወጡ ሁለት ማዳበሪያዎች አንዱ ከሚገባው በላይ፣ ሌላው ባዶ ሊሆን ይችላል። አማካዩን ብትወስዱት ደግሞ “በቂ” ይላችኋል። ስለዚህ በ89ኙ መደሰት ጥሩ ነው፣ መተኛት ግን አይደለም።

ወደ ቁልፉ ስመጣ፣ ቁጥጥሩ ያለው የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ጨው የሚመረትበት ቦታ በጣት የሚቆጠር ነው፤ አፍዴራ ላይ ብቻ ምን ያህል የአገሪቱ ጨው እንደሚወጣ ሹፌሩ ያውቃል። የሚሸጥበት ሱቅና ጉልት ግን ስፍር ቁጥር የለውም። ከማምረቻው መውጫ ላይ ሚዛን ጋ አንድ ደህና ላብራቶሪና ጉቦ የማይበላ ሰው ብታስቀምጥ፣ ሺህ ሱቅ ላይ ጠብታ ይዞ ከመዞር ይበልጣል። ሱቅ ላይ መፈተሽ ያለበት ጨዉ በመንገድና በመጋዘን ምን ያህል እንደሚያጣ ለማወቅ ነው እንጂ ቸርቻሪ ለመቅጣት አይደለም።

ጠርጣራው
ሁላችሁም ደንብ ደንብ ትላላችሁ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 ወጥቶ የለም እንዴ? ጥር 2011 ላይ ሲጸድቅ በር በተዘጋበት የሕዝብ ቦታ ሲጋራ ቀረ ተብሎ ነበር፣ ከ21 ዓመት በታች አይሸጥም ተብሎ ነበር። ኑና እኛ ሰፈር ያለውን ግሮሰሪ እዩ። ጭሱ በቢላ ይቆረጣል። ሱቁ ደግሞ ለሕፃን ልጅ በፍሬ ይሸጣል። ወረቀት በሽታ አያድንም።

የደጋው ልጅ
ጠርጣራው፣ ምሳሌህን ወደድኩት ምክንያቱም ያው አዋጅ ለእኔም ይመሰክራል። በዚያው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ተከልክሏል። ታስታውሳለህ፣ ከዚያ በፊት ዜና ሲጀምር ቢራ፣ ዜና ሲያልቅ ቢራ፣ በዓል ሲደርስማ አገሩ ሁሉ ቢራ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ጸጥ አለ። ያ ለምን ተሳካ፣ የግሮሰሪው ጭስ ለምን አልተሳካም? የጣቢያዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ ፈቃዳቸው አንድ ቦታ ነው ያለው፣ ጥሰው ቢያስተላልፉ አገር ያየዋል። ግሮሰሪው ግን በየመንደሩ ነው፣ ደንቡን የሚያስከብረውም የሰፈሩ ሰው ነው፣ ያው እሱም እዚያው ተቀምጦ ይጠጣል።

አንድ ዓይነት አዋጅ፣ አንድ ዓይነት ሕዝብ፣ ሁለት ውጤት። ላብራቶሪ ቤት ያለው ነገር እዚህም ይሠራል፦ መግቢያው ጠባብ በሆነበት ደንብ ይበረታል፣ በሺህ ደጃፍ በተበተነበት ይዝላል። ጨው መግቢያው ጠባብ ነው። ለዚህ ነው ተስፋ ያለኝ።

በነገራችን ላይ ለዚህ ነው የዱቄቱ ነገር የሚያሳስበኝ። በ2014 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቫይታሚንና በማዕድን እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል፣ ጥሩ ነው። ግን ገጠር ያለው ሰው ዱቄት ከፋብሪካ አይገዛም፤ እህሉን ተሸክሞ ሰፈሩ ወፍጮ ቤት ነው የሚያስፈጨው። ከተማ ለዳቦ በላተኛው ይደርሳል፣ ለእንጀራ በላተኛው አይደርስም። ጨው ግን ሀብታሙም ድሃውም፣ ጾመኛውም ፍስገኛውም ይበላዋል፣ ማንም ከጓሮው አያወጣውም።

ጠርጣራው
እሺ፣ ስለ ቢራው ማስታወቂያ ተቀብያለሁ። ቢራው ራሱ ግን አልቀነሰም :)

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም፣ እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ነኝ። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ቤቴ ውስጥ ያለው ጨው ያ ሮዙ የሂማላያ ጨው ብቻ ነው። ጓደኞቼም ሁሉ እሱን ነው የሚጠቀሙት፣ “ተፈጥሯዊ ነው፣ ማዕድን አለው” ተብሎ። እኛ እዚህ ያለነው አይመለከተንም ብዬ ነበር። አዮዲን አለው ወይ?

ላብራቶሪ ቤት
እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። አትደንግጪ፣ ግን እንዳትተዪው። ሮዙ ጨው በአዮዲን የበለጸገ አይደለም፤ የሚያረካ መጠን አታገኚበትም። ማሸጊያውን ገልብጠሽ እዪ፤ አሜሪካ ውስጥ አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው “ይህ ጨው አስፈላጊ የሆነውን አዮዲን አይሰጥም” የሚል ጽሑፍ አለበት። እዚያ ማበልጸግ በፈቃደኝነት እንጂ በግዴታ አይደለም፤ ሚሺጋን ላይ በ1924 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በልማድ ነው የዘለቀው። የታሸጉ ምግቦችና የምግብ ቤት ጨው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አዮዲን የለውም።

ለእርጉዝ ሴት የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን 250 ማይክሮ ግራም ነው፣ ለሌላው አዋቂ 150። ወተት፣ እንቁላልና የባሕር ዓሣ የምትበዪ ከሆነ ከእነሱም ታገኛለሽ። ጾመኛ ከሆንሽ ግን እነሱም ስለሚጎድሉ ነገሩ ይከብዳል። የእርግዝና ቫይታሚንሽን እዪው፣ አዮዲን የሌለበት ብዙ አለ። ለሐኪምሽ “የምበላው ጨው ይህ ነው፣ ቫይታሚኔ ይህ ነው” ብለሽ ሁለቱንም አሳዪ። የታይሮይድ (እንቅርት የሚወጣበት የአንገት ዕጢ) ሕመም በቤተሰብሽ ካለ ሳትነግሪ ምንም እንክብል አትጀምሪ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
አሁኑኑ አየሁት፣ የተባለው ጽሑፍ ከጀርባው አለ። ሁለት ዓመት ከምድጃዬ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ቀን አላነበብኩትም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጋሼ ግፊት
ልጆች፣ እኔ ሰባውን ያለፍኩ ሰው ነኝ። ደም ግፊት አለብኝ፣ ሐኪሜ ጨው ተው ይለኛል። እናንተ ደግሞ ጨው የሕዝብ መድኃኒት ነው ትላላችሁ። የትኛችሁን ልስማ?

ላብራቶሪ ቤት
ጋሼ፣ ሐኪምዎን ይስሙ። ሁለቱ አይጣሉም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ነው የሚለው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ብዙ ጨው ብሉ ያለ የለም፤ የሚበሉት ትንሿ ጨው አዮዲን ይኑራት ነው ነገሩ። ሰው ጨው ሲቀንስ ማምረቻው ላይ አዮዲኑን በኪሎ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ይህም ከመውጫው ላይ የሚስተካከል እንጂ የእርስዎ ራስ ምታት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለረጅም ዘመን የቆየ፣ አንጓ አንጓ የሆነ እንቅርት ያለበት በዕድሜ የገፋ ሰው በድንገት ብዙ አዮዲን ቢያገኝ ታይሮይዱ ከመጠን በላይ ሊሠራ ይችላል፦ ልብ ምት መፍጠን፣ መክሳት፣ ላብ። ያረጀ እንቅርት በጨው ይጠፋል ብሎ መጠበቅም አይገባም። ጨዉ የሚጠቅመው በተለይ ለሚመጣው ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በቤታችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ይታይ።

የወላይታ ልጅ
እኛ ጋ ደግሞ ካሳቫ አለ። በደንብ ካልተዘፈዘፈና ካልደረቀ አዮዲን እንዳይሠራ ያደርጋል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?

ኤክስቴንሽን ነኝ
እውነት ነው። አዘገጃጀቱ ላይ ጥንቃቄ ካልተደረገ የሚቀረው ነገር ታይሮይድ አዮዲን እንዳይወስድ ያግዳል። አዮዲኑ በቂ ሲሆን ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል። እናንተ ጋ ጨዉ ባዶ ሆኖ ካሳቫው በዝቶ ሲመጣ ነው ሁለቱ የሚደራረቡት።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ላብራቶሪ ቤት ካለ። በርበሬ ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፣ ከዚያ ተሰጥቶ፣ ተፈጭቶ ዓመት ይቀመጣል። እናቶች “በርበሬው ውስጥ ጨው አለ፣ ሌላ ለምን እጨምራለሁ” ይሉኛል። ምን ልመልስ?

ላብራቶሪ ቤት
ለጨው የሚመረጠው የአዮዲን ዓይነት፣ ፖታሲየም አዮዴት፣ በሙቀት አገር ከሌላው ዓይነት የተሻለ ይቆያል፣ ግን ፀሐይ፣ እርጥበትና ዓመት ሲደራረቡበት ይቀንሳል። የበርበሬውን ጨው ለጣዕም ቁጠሩት። አዮዲኑን የዕለቱ ጨው ላይ ተማመኑ፣ ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል የምትጨምሩት ላይ። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨዉን ማሳነስ ደግሞ ጋሼንም ይጠቅማል።

የሎጊያው ሹፌር
መውጫው ላይ ይቆጣጠሩ ለምትሉት፣ እኔም እስማማለሁ፣ ግን ሂሳቡን ማን ይከፍላል? ኬሚካሉ ከውጭ በምንዛሪ ነው የሚገባው። ምንዛሪ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል፣ ያኔ አምራቹ አቅጥኖ ይረጫል። እዚያ ገንዳ ያላቸው ትንንሽ አምራቾች፣ የአፋር ቤተሰቦች አሉ፤ ማሽን ግዙ ብትሏቸው ከየት ያመጣሉ? ትልልቆቹ ብቻ እንዲቀሩ ከተደረገ ደግሞ የጨው ዋጋ በአንድ ሁለት ሰው እጅ ይወድቃል። እነዚያን ቤተሰቦች በማኅበር አደራጅቶ አንድ የጋራ ማቀላቀያ ላይ ማገናኘት ነው የሚሻለው። እሱ ሲባል ሰማን፣ መቼ እንደሚሆን እንጃ።

ሱቅ በደረቴ
አንድ ጥያቄ አለኝና ልሂድ፣ ደንበኛ ቆሟል። ለከብት ነው ብለው አዮዲን የሌለውን በርካሽ የሚገዙ አሉ። አሞሌውንም እንደዚሁ። ከዚያ ግማሹ ቤት ለወጥ ይገባል። ልከልክላቸው?

ኤክስቴንሽን ነኝ
መከልከል አትችልም፣ ከብትም ጨው ይፈልጋል። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አታስቀምጣቸው፣ በአንድ ጣሳም አትስፈር። የሰዉን ክዳን ባለው በርሜል ከፀሐይ አርቀው፣ የከብቱን ውጭ አድርገው። ለቤት ከሆነ ለልጆች ይህኛውን ውሰጂ በላት፣ ከእኔ ይልቅ አንተን ትሰማለች፤ እኔ በወር አንዴ ነው የምደርሳት፣ አንተ ጋ በየቀኑ ትመጣለች።

ሱቅ በደረቴ
በርሜል አለኝ፣ ክዳኑን ነው የማፈላልገው። አከፋፋዩንም የአምራቹ ስምና የተመረተበት ቀን የተጻፈበት ማዳበሪያ ካላመጣህ አልገዛም ብዬዋለሁ። ሳቀብኝ። ከጎኔ ያሉት ሌሎቹ ሱቆች አብረውኝ ቢሉት አይስቅም ነበር፣ ነገ እነሱን አናግራለሁ።